በጠበሉ ውስጥ የጠራሁት ስም

ዲንቄን በዓይኗ በላችኝ ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ ብዬ ነው ከዚህ የጀመርኩት። የሰፈራችን ሰው ደግ ነው፤ እስከ ዛሬ «ሰይጣኑ ነው እንጂ የሺመቤት ምን አደረገች» እያለ ያቃልልልኛል። እግዜር ይስጣቸው። ግን አፉ የኔ አፍ ነበር። የዳንኩትም በዚያው አፍ ስለሆነ ለሰይጣን አሳልፌ አልሰጠውም።

ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከከተሙ ጥቂት ዓመት ቢሆን ነው። ጋራው ላይ ጥዱና ወይራው ገና አላለቀም፤ ለመኳንንቱ ቤት እየተባለ በየቀኑ ይወድቅ ነበር እንጂ። የኔና የባሌ የአካሉ ቤት ከየካ ጋራ ግርጌ ነው። ከአጥራችን ቀጥሎ የበዳዳና የሚስቱ የዲንቄ ማሳ አለ። ዲንቄ በአማርኛ ትስቃለች፣ በኦሮምኛ ትቆጣለች። ክርስትና ከተነሣች አሥር ዓመቷ ነው። ዕድሜያችን እኩል ነው፤ ሁለታችንም አርባን ልንደፍን ትንሽ የቀረን። እሷ አራት ልጅ አላት፤ ለእኔ አንድም አልቆመልኝም። በዚህ አንድ ቀን እንኳ ዝቅ አድርጋ አላየችኝም። እንዲያውም ልጆቿ «እናቴ» እንዲሉኝ ያስተማረቻቸው እሷ ናት።

በሽታዬን እንዲህ ነው ብዬ ለመናገር ይቸግረኛል። ትኩሳት አይደለ፣ ቁርጥማት አይደለ። ሰው ስወድ በሙሉ ነው፤ ዓይኔን አውጥቼ ብሰጠው አይቆጨኝም። ያው የወደድኩት ሰው አንድ ቀን ፊቱን ካጠቆረብኝ፣ ወይ እመጣለሁ ብሎ ከቀረ፣ በቃ፣ ድሮም ጠላቴ ነበር። ጠዋት የመረቅኩትን ማታ እረግማለሁ። ቁጣው ሲወጣልኝ ደግሞ ባዶ ጎተራ ነኝ፤ ውስጤ አንድ ፍሬ አይገኝም። ያን ባዶነት ከምችል ብዬ ፍም አንሥቼ ክንዴ ላይ ያሳረፍኩበት ቀን አለ። ከአካሉ ጋር ሦስት ጊዜ ተጣልቼ ወጥቼ ሦስት ጊዜ ታርቄያለሁ። በአራተኛው ሽማግሌዎቹ «እኛም እርሻ አለን» ብለው መምጣት ተዉ።

በዚያ ዓመት ከመስቀል በኋላ አካሉ ለንጉሡ ግንድ ሊጎትት ወጥቶ በቀኑ ሳይመለስ ቀረ። የቀረው ግንዱ ገደል ገብቶባቸው ነው። እኔ ግን ጥሎኝ ሄደ አልኩ፤ የሸክላውን ዕቃ ሁሉ ሰብሬ ጫካ ገባሁ። በማግሥቱ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጬ አገኙኝ። አካሉና ወንድሙ እጄን በጠፍር አስረው፣ በበቅሎ ጭነው፣ ጋራው ወገብ ላይ ወዳለው የሚካኤል ጠበል ወሰዱኝ።

የጠበልተኛ ሴቶችን ቤት የሚጠብቁት እማሆይ ለተጊዮርጊስ ናቸው። አጭር መነኩሴ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን በሬ ያስቆማል። በበቅሎው ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረው አዩኝና ፍቱላት አሉ። አካሉ ከፈታናት ትሮጣለች አላቸው።

«ትሩጥ። ጫካው ጅብ አለበት፣ እዚህ ሽሮ አለ። ሞኝ ካልሆነች ትመለሳለች።»

ሞኝ መባሉ ስላናደደኝ አልሮጥኩም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ይህን ስነግራቸው፣ አውቄ ነው ያልኩት አሉኝ።

ቤቱ ረጅም የሣር ቤት ነው። ስምንት ሴቶች ነበርን። እንደኛ ያለው ሰው በሌላ ቦታ ከግንድ ጋር በሰንሰለት ሲታሰር አይቻለሁ፤ እማሆይ ዘንድ ገመድ የሚባል ለእንጨት ብቻ ነው። ጎሕ ሳይቀድ እንጠመቃለን፤ ከዚያ እንጨት ለቀማ፣ ወፍጮ፣ ጥጥ መፍተል። ሥራ የሌለው ሕመምተኛ ሕመሙን ይፈትላል ይሉ ነበር። ወደ ቤቴ ልሂድ ያለችውን ማንንም አይከለክሉም፤ ተቆጥቶ መውጣት ግን ክልክል ነው። መጀመሪያ ቁጣው ይውጣ፣ ከዚያ ሴትዮዋ ትውጣ ይላሉ።

ቁጣውን የሚያስወጡበት መንገድ እንዲህ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ወደ ዳኛ ሲሄዱ እንዳይጠፋፉ የነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፤ ቁራኛ ይባላል። እማሆይ ይህን የዳኛ ሥርዓት ወስደው ለሕመም አደረጉት። አንዷ ደሟ ፈልቶ ብድግ ስትል፣ እሳቸው ወይም ሌላዋ ሴት የነጠላዋን ጫፍ ከራሷ ጋር ትቋጥራለች። ቋጠሮው ልል ነው፤ በአንድ ጣት ይፈታል። ግን ቁራኛ ፈትቶ መሄድ ከዳኛ መኮብለል ነው፤ እብድም ብንሆን የሸዋ ሰዎች ነን፣ ያን ነውር የሚደፍር አልነበረም። ከዚያ ቋጠሮው መሀል ላይ እንዳለ ተቀምጦ መፍተል ነው። ሲበርድ እማሆይ ይጠይቃሉ። ምን አየሽ? ምን ሰማሽ? ከራስሽ ምን ጨመርሽ? ሌላ አያውቁም። መድኃኒታቸው ይኸው ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሙሚና ከምትባል የእስላም ሴት ጋር በሽሮ ተጣላሁ። እሷ ራሷ የምትሠራውን ለብቻዋ ነው የምትበላው፤ እህሉን የሚሰፍሩልን ግን እማሆይ ናቸው። ያን ቀን ለሷ የሞላ ጭልፋ ሰፈሩላት፣ ለኔ የጎደለ። ጭልፋውን ነጥቄ ወረወርኩና ወደ በሩ ሄድኩ። ቋጠሩኝ። ምን አየሽ ሲሉኝ ጭልፋ አልኩ። ምን ሰማሽ ሲሉኝ ምንም አልኩ። ምን ጨመርሽ ሲሉኝ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አልመለስኩም። በመጨረሻ፣ እኔን ጠልታችሁኝ ነው ብዬ ነበር አልኳቸው።

«ጭልፋው ይህን ሁሉ ተናገረ?» አሉኝ።

ሙሚና እንዝርቷ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ሳቅኩ፤ አፌን በነጠላ ሸፍኜ፣ እንዳያዩኝ።

ዘመድ ስንቅ ይዞ የሚመጣው እሑድ ነው። ዲንቄ አራት እሑድ ተከታትላ ወጣች። ያን ዳገት በእግሯ፣ የገብስ ጭኮ በቅቤ አሽታ፣ በቅል ይዛ። አጠገቤ ቁጭ ትልና ማሳው እንዴት እንደሆነ፣ የትኛዋ ላም እንደታለበች፣ አካሉ ያለ እኔ ሽሮ ሲያሳርር ሽታው እነሱ ቤት እንደሚደርስ ታወራኛለች። ሰው ሆኜ የሰነበትኩት በሷ ነው። በአራተኛው እሑድ ስሸኛት «በሚቀጥለው እሑድ» አለችኝ፤ ሰባቱን ቀን በጣቴ ቆጠርኩ።

እሑድ ደረሰ፤ ዲንቄ ቀረች።

መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። የወጣው ሁሉ ሌላ ሰው ነው። እማሆይ በዚያ ሳምንት ለዘመዳቸው ተዝካር ርቀው ሄደው ነበር፤ እሳቸው በሌሉበት እኔን ሊቋጥር የደፈረ አልነበረም። ሙሚና አይታኝ መጥታ፣ ነይ እንፍተል አለችኝ። እንቢ አልኳት። እልኸኛ መሆኔን ነግሬያችሁ ከሆነ ይኸው ነው፤ ካልነገርኳችሁም ይኸው ነው። ድንጋዩ ላይ ሆኜ ዲንቄን ከእግር እስከ ራሷ አዲስ ሰው አድርጌ ሠራኋት። ጭኮዋም፣ ልጆቿን እናቴ በሏት ማለቷም፣ ሁሉ ለማላገጥ ሆነ።

ሰኞ ጠዋት የሚያጠምቁት አባ ዓምደ ሚካኤል ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥርዓቱ የሚያዘውን ነው የሚያደርጉት። ውሃው በላይሽ ላይ እየወረደ፣ መስቀሉ ግንባርሽ ላይ ሆኖ፣ ማነህ፣ የት ያዝካት፣ በማን መጣህ እያሉ ይጠይቃሉ። የያዘው ነገር ይጮኽና ስም ይጠራል። ያን ዕለት ሁለት ሴቶች ጮኸው ለቀቃቸው ተባለ። እኔ ከአንድ ወር በላይ ተጠምቄ አንድ ቀን አልጮኽኩም። የሷ ሰይጣን ድንጋይ ነው ይሉኝ ነበር ሰዎቹ። ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሽ ያሳጣል፣ ሰው ሁሉ አፌን ያያል። አካሉም ለሥራ ወደ ጋራው ሲወጣ ጎራ ብሎ ከሰዎቹ መሀል ቆሟል።

«በማን መጣህ?» አሉ አባ ዓምደ ሚካኤል።

«በዲንቄ ዓይን» ብዬ ጮኽኩ። «በበዳዳ ሚስት። በላችኝ።»

እልል አሉ። በሠርጌ ቀን እንኳ ያን ያህል ሰው ለኔ እልል አላለም። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ደረቅ ነጠላ አለበሱኝ፣ ግንባሬን ሳሙኝ፣ ያን ቀን እንደ ሕፃን ተኛሁ።

እማሆይ ረቡዕ ተመለሱ። ሴቶቹ ነገሯቸው። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና የነጠላዬን ጫፍ ቋጠሩ። ምን አየሽ ከማለታቸው በፊት፣ እኔ አይደለሁም፣ ሰይጣኑ ነው የተናገረው አልኳቸው። ቋጠሮውን ፈቱት።

«ሰይጣን የምጠይቅበት ሥልጣን የለኝም፤ እኔ የምጠይቀው ሰው ነው። ሰው ስትሆኚ ጥሪኝ» ብለው ወደ ወፍጮው ሄዱ።

ተናደድኩባቸው። ሦስት ቀን አላናገርኳቸውም። እሳቸውም አልለመኑኝም፤ ሽሮዬን ግን አልቀነሱም፣ ስጠመቅ ነጠላዬን ይዘው መቆማቸውንም አልተዉም። ይህን ዛሬ ሳስበው እንባዬ ይመጣል። እኔ ሰው ሲቆጣኝ አይቼ የማውቀው ሲሄድ ነው። ተቆጥቶ የሚቆይ ሰው አላየሁም ነበር።

እሑድ አካሉ ስንቅ ይዞ መጣ። ደስ ብሎታል፤ የሚያስደስተኝም መስሎት ወሬውን ዘረገፈው። የጮኽኩት ቃል ወደ ሰፈር እንደ ወረደ ለዲንቄ ፍም የሚሰጣት ጎረቤት ጠፋ። ወንዝ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንሥተው ይሄዳሉ። ልጆቿን ከብት ካለበት ያባርሯቸዋል። በዳዳ ገብሱን አጭዶ እንደጨረሰ ቤቱን አፍርሶ ወደ በረህ፣ ወደ ዘመዶቹ ሊሄድ ነው። «ተገላገልን» አለ አካሉ።

ያን እሑድ ለምን ቀረች ብዬ ጠየቅኩት። ትንሹ ልጇ በኩፍኝ ተኝቶባት ነው አለኝ። እሷ ስላልቻለች ጭኮውን በአካሉ እጅ ልካልኝ ነበር። ሰኞ ዕለት ከሰዎቹ መሀል ሲቆም በከረጢቱ ይዞት ነበር። እኔ ስጮኽ ሰምቶ አውጥቶ ለውሻ ጣለው። «ደግሞ ውሻው ምንም አልሆነም» አለኝ፤ ነገሩ እንዳልገባው ያኔ አወቅኩ።

የማውቀው አንድ መንገድ ነው፤ ወደ ገደሉ ተነሣሁ። ከኋላዬ አንድ ነገር ጎተተኝ። ሙሚና ከመቀመጫዋ ሳትነሣ የነጠላዬን ጫፍ ከራሷ ጋር ቋጥራዋለች፤ መቼ እንደቋጠረችው አላየሁም። «እኔ ገደል አልወድም፤ ከሄድሽ አብሬሽ መጎተቴ ነው፣ እስቲ እዘኚልኝ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። እማሆይን ጥሩልኝ አልኩ።

መጡ። አካሉ አፉን ከፍቶ ያያል። ምን አየሽ አሉኝ። ባዶ መንገድ አልኩ። ምን ሰማሽ አሉኝ። ምንም። ምን ጨመርሽ አሉኝ። ስሟን፣ ዓይኗን፣ ክፋቷን፣ ሁሉንም እኔ ጨመርኩ አልኳቸው። ከዚያ ልሙት አልኩ። የምሬን ነበር።

እማሆይ አላባበሉኝም። «ብትሞቺ ለዲንቄ ምን ይጠቅማታል? በልታ ጨረሰቻት ይላሉ፤ ያን ጊዜ በረህም አታስጠጋት። አሁን ለዚች ሴት በሕይወት ያለሽ ምስክር አንቺ ብቻ ነሽ» አሉኝ።

እንዲህ ብሎ ሰውን ማኖር እንዳለ አላውቅም ነበር። እንድወዳቸው ብለው አላኖሩኝም፣ እንድፈራም አይደለም። የምሠራው ሥራ ሰጡኝ።

በማግሥቱ አባ ዓምደ ሚካኤል ዘንድ ሄጄ፣ አባ፣ ሐሰት ነው የተናገርኩት፣ ዲንቄ ንጹሕ ናት አልኳቸው። በርኅራኄ አዩኝ። ልጄ፣ ሲለቅ እንዲህ ነው፣ መደበቂያውን እንዳያጣ ያስክዳል አሉኝ። እኔ ነኝ የምናገረው ብላቸው፣ እሱም እንዲህ ነው የሚለው አሉኝ። ለአካሉ ብነግረውም ያው ነው። ብጮኽ ሰይጣኑ ነው፣ ብረጋ ሰይጣኑ ነው፣ ባለቅስ ሰይጣኑ ነው። አፌን ለሰይጣን ሰጥቼው አሁን የሚመልስልኝ አጣሁ።

በዳዳ አጨዳውን ሊጨርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከላይ ሆኜ ማሳው በየቀኑ ሲያጥር ይታየኛል።

እማሆይን ምን ላድርግ አልኳቸው። «በሙግት አንደኛ ነሽ አሉ፤ ባልሽን ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ፊት ረትተሻል። ዳኛ ፊት ብትቆሚ ምን ትያለሽ?» ብቻ አሉኝ። ቀን ቀን እየፈተልኩ አሰብኩ። ፊደል ቆጥሬ መልእክተ ዮሐንስ ላይ ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ መጽሐፍ አላውቅም። ግን በሙግት ቤት አድጌያለሁ፤ አባቴ ለአንድ የበሬ ቀንድ አምስት ዓመት የተሟገተ ሰው ነው። በሰባተኛው ቀን ድንገት ገባኝ። እንዝርቴን ጥዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ሙሚና፣ ይኸው ተነሣባት አለች።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። በዓመት ትልቁ በዓል ነው፤ ከግርጌው ሰፈር ያልወጣ ሰው የለም። በዳዳና ዲንቄም መጡ። እማሆይ ልከውባቸው ነው፤ ቃሉ ካልተነሣ ተባርካችሁ ሂዱ፣ ከተነሣ ደግሞ ሳትሰሙት አትሂዱ ብለው። ቅዳሴ ወጥቶ ሽማግሌዎቹ ከዝግባው ሥር ሲቀመጡ፣ እነ ዲንቄ ከሕዝቡ ራቅ ብለው ቆሙ። በዙሪያቸው አንድ በሬ የሚያስተኛ ባዶ ቦታ ነበር።

በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ሄድኩ። ዲንቄ አላየችኝም፤ ከኔ በላይ ያለውን ዛፍ ታያለች። ከስታለች። የነጠላዋን ጫፍ ይዤ ከኔ ጋር ቋጠርኩት። ሰው ሁሉ ተንፍሶ ወደ ኋላ አለ።

«ከሳሽ እኔ ነኝ፣ ተከሳሽ እሷ ናት። በቁራኛ መጥተናል፣ ስሙን» አልኩ።

የሽማግሌዎቹ አውራ አቶ ገረሱ፣ ጉዳዩ የጠበል ነው፣ በዳኛ አይታይም አለ። እኔም፣ ሴትዮዋን ከአገር የሚያስነቅል ከሆነ በዳኛ ይታያል አልኩ። አባ ዓምደ ሚካኤልን ጠየቅኳቸው።

«አባ፣ በዚያ ሰኞ የተናገረው ማነው?»

«እርኩስ መንፈስ ነዋ።»

«ሰይጣን እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰተኛ?»

«ከጥንት ጀምሮ ሐሰተኛ ነው» አሉ፣ ወዴት እንደምሄድ ሳይገባቸው።

«እንግዲህ ዲንቄን የከሰሳት ሰይጣን ከሆነ፣ በሐሰተኛ ምስክር ነው ፍም የነፈጋችኋት። የከሰስኳት እኔ ከሆንኩ ደግሞ ይኸው፣ ዋሽቻለሁ፣ እላለሁ። ሁለታችንም ውሸታሞች ነን። ሦስተኛ ምስክር ያለው ይምጣ።»

አባ ዓምደ ሚካኤል መስቀላቸውን አገላብጠው አገላብጠው አዩ። ሊቆጡ ይችሉ ነበር፤ ሕዝብ ፊት ነው፣ ጠበልተኛ ሴት ናት የረታቻቸው። አልተቆጡም። «እውነቷን ነው» አሉ። «የሰይጣንን ቃል ተቀብዬ ለሕዝብ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ይፍታሽ፣ እኔንም ይፍታኝ።» እኚህን ሰው እስካሁን በጸሎቴ አልረሳቸውም።

አቶ ገረሱ ግን ሽማግሌ ነው፣ ነገር አይጥለውም። ታዲያ የያዘሽ ምንድነው፣ አንድ ነገርማ ይዞሻል አለኝ።

«ማንም አልያዘኝም» አልኩት። «እንዲህ ነው የሆንኩት። እመጣለሁ ያለ ሰው ሲቀርብኝ አብዳለሁ። እማሆይ ዘንድ እየተማርኩ ነው፤ ገና አልጨረስኩም።»

ይህን ለመናገር ከሙግቱ ይልቅ ከብዶኝ ነበር። ሰይጣን ይዟታል መባል ይቀላል፤ ሰይጣን ያለበት ሰው ይታዘንለታል።

ከዚያ ወደ ዲንቄ ዞሬ፣ ከእጅሽ አጉርሺኝ አልኳት፤ ሕዝቡ እንዲያይ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ።

«ምንም አልያዝኩም» አለች። «ማን ይቀምስልኛል ብዬ ልያዝ?»

ዝግባው ሥር ያለው ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ከስድብ ሁሉ ይህ ያማል። እማሆይ ያኔ ከኋላ መጡ፤ የሚካኤልን ዝክር ዳቦ ሙሉውን ከነኮባው ተሸክመው። ገና አልተቆረሰም። ባራኪው ባርኮታል፤ የሚቆርሰው እጅ ነው የቀረው። ወስደው ዲንቄ እጅ ላይ አስቀመጡትና፣ ቁረሺ፣ ሰው ርቦታል አሏት።

ዲንቄ በዳዳን አየችው፤ በዳዳ ትከሻውን ነቀነቀ። ቆረሰች። የመጀመሪያውን እኔ ከእጇ በአፌ ተቀበልኩ። ቀጥሎ እማሆይ፣ ቀጥሎ አባ ዓምደ ሚካኤል። ከዚያ አቶ ገረሱ እያቃሰተ ተነሣ፤ ጥርስ የለኝም ለስላሳውን ስጪኝ አላት፤ ሰው ሳቀ። ሳቁ ሲመጣ ሰልፉም መጣ። አካሉ መጨረሻ ላይ ነበር። እጁን ዘርግቶ ቆመ። ዲንቄ «ውሻው ደህና ነው?» ብላው ቅርፊቱን ሰጠችው። ጭኮው የት እንደገባ ሰምታለች ማለት ነው።

በዳዳ ግን አልበላም። ዛሬ በልተዋል፣ ነገ አንድ ጥጃ ሲሞት ያስታውሱናል አለ። እውነቱን ነው፤ እኔም የሰፈሬን ሰው አውቀዋለሁ። ጥጃ የሞተ ቀን እኔን ጥሩኝ፣ ባለሁበት እመጣለሁ፣ ያልኩትን እደግማለሁ፣ እስክሞት እደግማለሁ አልኩት። እልኸኛ መሆኗንማ እናውቃለን አለ አንዱ ከሰልፉ።

ሰው ሲበተን ዲንቄ ቋጠሮውን ራሷ ፈታችው።

«ይቅር አላልኩሽም» አለችኝ። «ልጄ በኩፍኝ ተኝቶ ፍም ለምኜ የተመለስኩበትን በር ገና አልረሳሁም።»

እሺ አልኳት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ሰምቼ ወይ እግሯ ላይ እወድቃለሁ፣ ወይ እረግማታለሁ። እሺ ብቻ አልኩ። እሷም አልሄደችም። የተረፈውን ፍርፋሪ ከነጠላዋ እያራገፈች አጠገቤ ቆመች፤ በኦሮምኛ እያጉረመረመች፣ እየተቆጣችኝ። ከቁጣዋ ጋር እዚያው ናት። ይህ ሁለት ነገር በአንድ ሰው ላይ አብሮ እንደሚቆም በአርባ ዓመቴ ያን ቀን አየሁ።

እኔ ወደ እማሆይ ቤት ተመለስኩ፤ ቀኔን አልጨረስኩም ነበርና። አካሉ ድነሻል ውረጂ ቢለኝ፣ እስከ ገና አልወርድም አልኩት። ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ ቁራኛ ገብቻለሁ፤ አንዴ ከሙሚና ጋር በወፍጮ ተራ፣ አንዴ ከራሳቸው ከእማሆይ ጋር። ጨርሼ አልዳንኩም፤ ግን ምን እንደጨመርኩ አሁን ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ይገባኛል።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ እንጨት ለቅሜ ስመለስ ከጋራው ወገብ ወደ ታች አየሁ። የበዳዳ ማሳ ታጭዶ አልቋል፤ አውድማው ተጠርጓል። ቤቱን ፈለግኩት። አለ። ጣሪያው ላይ ሰው ወጥቷል፤ በዳዳ ነው፤ ዲንቄ ከታች ሣር ታቀብለዋለች። አዲስ ክዳን እየከደኑ ነበር። የሚሄድ ሰው ክዳን አይከድንም።

ሸክሜን ይዤ ሮጬ ገባሁና ለእማሆይ ነገርኳቸው። ወፍጮው ላይ ነበሩ። ተመስገን አሉ፤ ቀና ብለው አዩኝ፣ ደስ ብሏቸዋል። ከዚያ እንስራዋን በአገጫቸው አሳዩኝ፤ ውሃ የመቅዳት ተራው የኔ ነበር። እንስራዋን አዝዬ ወረድኩ።